አንዱ ጎማ «ሎክ»፣ አንዱ «ፍሪ»፦ ማንዋል ሎኪንግ ሀብ ስለመግጠም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ አለኝ። መንዝ ውስጥ እህል እጭንበታለሁ። ባለፈው ክረምት ፎር ባይ ፎር አስገብቼ እንኳ ጭቃው ላይ የሚሽከረከሩት የኋላ ጎማዎች ብቻ ነበሩ። መካኒኩ የግራው የፊት ሀብ ሞቷል አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ‹ሀብ የሚባለውን ጣለውና ፍላንጅ አስገጥም፣ ትገላገላለህ› ይለኛል። እኔ አዲስ ጥንድ ማንዋል ሀብ ገዝቻለሁ። ራሴ ልገጥመው እችላለሁ? ግራሶስ ምን ያህል ይገባል? ናፍታ ይቆጥባል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ትችላለህ። ክሪክ አቀማመጥ የሚያውቅና ዳዶ ሳያበላሽ የሚፈታ ሰው ለሁለቱ ወገን ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

መጀመሪያ ግን ጭቃው ላይ የሆነብህን ላስረዳህ። እሱ ከገባህ ሌላው ይቀልሃል። ሀብ ማለት ሴሚያሱን (ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ) ከጎማው ጋር የሚያቆላልፍ ዕቃ ነው። ሎክ ላይ ሲሆን ሴሚያሱና ጎማው አብረው ይዞራሉ። ፍሪ ላይ ሲሆን ጎማው በኩሽኔታው ላይ ብቻውን ይንከባለላል። ያኔ ትራንስፈሩ፣ ማለትም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያድለው ማርሽ፣ 2ኤች (ኋላ ብቻ) ላይ ከሆነ ሴሚያሱ፣ የፊት ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ የሚያድለው) እና የፊት ትራስሚሲዮኑ (ጉልበቱን ከትራንስፈሩ የሚያመጣው ዘንግ) አርፈው ይቀመጣሉ።

አሁን የግራው ሀብ ሞቷል እንበል። አንተ 4ኤች (አራቱንም) አስገብተሃል፣ ጉልበቱ ወደ ፊት ዲፈረንሻል ደርሷል። መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል ደግሞ ሰነፍ ነው፤ የሚዞረው በቀለለው በኩል ነው። በግራ በኩል ያለው ሴሚያስ ጎማ አልያዘም፤ በባዶው ይሽከረከራል። የቀኙ ጎማ ሀቡ ደህና ሆኖ ሳለ ቆሞ ያያል። ስለዚህ በአንድ ሀብ ሞት ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ታጣለህ። አንዱን ወገን ሎክ ማድረግ ስትረሳም የሚሆነው ይኸው ነው። «ሀቤ ሞተ» ብሎ የመጣ ሰው አንዱን ወገን ማዞር ረስቶት ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳልስቅ አልቀርም።

ስለዚህ ምንም ከመፍታትህ በፊት የመካኒኩን ቃል ፈትሽ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም። የኋላ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በታኮ ያዝ። ሁለቱንም የፊት ጎማ አንስተህ ካባሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ አስቀምጥ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሞተሩን አጥፋ፣ 4ኤች አስገባ፣ ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ ተወው። ሁለቱንም ሀብ ሎክ አድርግ። አሁን የግራውን ጎማ በእጅህ ወደፊት አዙር። ሀቦቹ ደህና ከሆኑ የቀኙ ጎማ ወደኋላ ይዞራል። አንዱ ጎማ ዞሮ ሌላው ዝም ካለ፣ አንዱ ሀብ አልያዘም ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱንም ፍሪ አድርግና አዙራቸው። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ያለ ኮሽታ መዞር አለበት። ይህቺን ፈተና አስታውሳት፤ ስትጨርስም የምትጠቀመው እሷን ነው።

ስለ ፍላንጅ የነገረህ ሰው አልተሳሳተም፤ የሱ መንገድ ካንተ ይለያል እንጂ። ፍላንጅ ሴሚያሱን ከጎማው ጋር ለዘለዓለም ያጋባል። ጠንካራ ነው፣ የሚረሳም ነገር የለውም። ዓመት ከዓመት ጭቃና አሸዋ ውስጥ ለሚውል መኪና አልቃወመውም። አንተ ግን አዲስ አበባ ስትመላለስ ከደብረ ብርሃን ወዲህ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለህ። ያን ሁሉ መንገድ የፊት ዲፈረንሻሉን በከንቱ ከምታሽከረክር ቢያርፍ ይሻላል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። አንድ ቀን የፊት ጆንት ወይም የፊት ዲፈረንሻል ጥርስ ቢሰበርብህ፣ ሀብ ካለህ ሁለቱንም ፍሪ አድርገህ በኋላ ጎማ ቤትህ ትገባለህ። ፍላንጅ ያለው ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሲፈታ ያመሻል። እኔ ሀብን የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ናፍታ? በጣም ትንሽ። መሪው ትንሽ ይቀልሃል፣ የፊት ዕቃዎች ዕድሜ ይረዝማል፤ ነዳጅ ማደያ ላይ ግን ልዩነቱን በኪስህ አታየውም። የጎማ ነፋስህን በትክክል ብትይዝ የበለጠ ትቆጥባለህ። ያን ያህል ይቆጥባል ብሎ የሸጠልህ ሰው ካለ ነጋዴ ነው፣ ይቅር በለው።

የነገሩ መነሻም ቁጠባ ብቻ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተረፉ የጦር ጂፖች በአሜሪካ ለሲቪሉ ይሸጡ ነበር። አርተር ዋርን የሚባል ሰው በ1948 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በሲያትል በኩል ኩባንያ አቋቁሞ ለነዚያ ጂፖች ሎኪንግ ሀብ መሥራት ጀመረ። የጦር ሜዳው መኪና በአስፋልት ላይ ሰው እንዲሆን ነው። ዛሬ ዋርን ሲባል ሰው ሁሉ ዊንች ነው የሚያስበው፤ ስሙን ያስጠራው ግን ሀብ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የገዛኸውን ዕቃ ከመግጠምህ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ መርምረው። የውስጡን ጥርስ ቁጠር፤ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። «ለላንድ ክሩዘር ነው» የሚለው የካርቶን ጽሑፍ አይበቃም፤ ላንድ ክሩዘር ብዙ ዓይነት ነው። የቡሎን ቀዳዳዎቹን ከአሮጌው ጋር አጋጥመህ እይ። ማዞሪያውን በሁለት ጣት አዙረው። ከሎክ ወደ ፍሪ ሲሄድ ጥርት ያለ «ቀጭ» ይላል። ከጅምሩ የሚጎረብጥ ወይም እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ከሆነ መልሰው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫው ገበያ ሄደህ ያገለገለ ኦሪጅናል ማግኘት ትችላለህ። ጥርሱ ያልተበላ አሮጌ ኦሪጅናል ከአዲስ ቅጂ ይሻላል እላለሁ። በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ፤ ይከራከሩ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ቁጥር 10 ቡሶላ ለክዳኑ። ለሀቡ ዋና አካል ዳዶዎች እንደ ሞዴሉ 12 ወይም 14። የስናፕ ሪንግ ፒንሳ፤ በካቻቪቴ እንሞክራለን የሚሉ ሰዎች ዓይናቸውን ይወዱ። የነሐስ ዘንግና መዶሻ። አንድ ቁጥር 8 ረዘም ያለ ቡሎን። ቶርክ ቁልፍ (ምን ያህል እንዳጠበቅህ በኒውተን ሜትር የሚለካው) ካለህ እሰየው፣ ከሌለህ ተዋስ። አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሀል የሚገባ ማሸጊያ) ለሁለቱም ወገን። ነጭ ጋዝና ንጹህ ጨርቅ። ጎማውን ማውለቅ ግዴታ አይደለም፤ ሀቡ የተቀመጠው በቸርኬው መሀል ነው።

ማዞሪያውን ፍሪ ላይ አድርገህ ስድስቱን የክዳን ቡሎኖች ፍታና ክዳኑን ሳብ። ውስጥ የሴሚያሱን ጫፍ ታያለህ፤ ስናፕ ሪንግ ይዞታል። ጫፉ መሀል ላይ ቡሎን የሚጠመዘዝበት ቀዳዳ አለ። ያቺን ቁጥር 8 ቡሎን እዚያ አስገብተህ ሴሚያሱን ወደ ውጭ ሳበው፤ ስናፕ ሪንጉ ዘና ይልና በፒንሳ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ከስናፕ ሪንጉ ጋር ሲታገል ይውላል።

ቀጥሎ የሀቡን አካል የያዙትን ዳዶዎች ፍታ። ሙሉ በሙሉ አታውጣቸው፤ ጫፉ ላይ ተዋቸው። ከሥራቸው ባለ ስንጥቅ ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ ኮን ይሏቸዋል። ዓመታት ሲቆዩ እንደተበየደ ነው የሚይዙት። በካቻቪቴ ለመፈልቀቅ አትሞክር። የነሐሱን ዘንግ የሀቡ አካል ላይ፣ በዳዶዎቹ መሀል አድርገህ ጠንከር አድርገህ ምታ። ንዝረቱ ኮኖቹን ያላቅቃቸዋል። ዳዶዎቹን ጫፉ ላይ ተዋቸው ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ኮኑ ሲፈናጠር ዳዶው ይይዘዋል። እኔ ተለማማጅ ሳለሁ ዳዶዎቹን ሁሉ አውጥቼ መታሁ። አንዷ ኮን በርራ ሳር ውስጥ ገባች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተንበርክኬ ስፈልግ ዋልኩ። አለቃዬ አልተቆጣኝም፤ ሻይ እየጠጣ ያየኝ ነበር። ያ ከቁጣ ይብሳል።

አካሉ ከወጣ በኋላ ለመጥረግ አትቸኩል። ውስጥ ያለውን ግራሶ አንብበው። ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ጓርኒሲዮኑ ወይም የማዞሪያው ጎማ ቀለበት አልቋል ማለት ነው። የቀጠነና የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ከሆነ የውስጡ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አርጅቷል። ያኔ አዲስ ሀብ ብትገጥምም ዘይቱ እየመጣ ያጥበዋል፤ መጀመሪያ እሱን አሠራ። የብረት ብናኝ የሚያብረቀርቅበት ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታውን እይ።

ኩሽኔታውን ለማየት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ጨዋታ ካለው አሁን ነው ማስተካከል፤ ተከፍቶ ሳለ። ይህ የላንድ ክሩዘር የፊት ኩሽኔታ በሁለት ትላልቅ ዳዶዎችና በመሀላቸው ባለው የሚታጠፍ ሮንዴላ ነው የሚያዘው። ቁልፉ 54 ነው። እባክህን በመሮና በመዶሻ የሚፈታ ሰው እንዳታስጠጋ። ቁልፉን ተከራይ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የውስጡን ዳዶ ወደ 60 ኒውተን ሜትር አጥብቀህ ጎማውን ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ አዙር፤ ኩሽኔታው ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ፈትተህ እንደገና በቀላሉ ብቻ፣ ወደ 5 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። ሮንዴላውን፣ ከዚያ የውጩን ዳዶ አስገባና አጥብቅ። አሁን እንደገና ነቅንቅ፣ እንደገና አዙር። የውጩ ዳዶ ሲጠብቅ የውስጡን ይገፋዋልና መለኪያህ ይለወጣል። ጨዋታ ሳይኖረው በእጅ በቀላሉ ከዞረ ሮንዴላውን እጠፍ። የመኪናህ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ስማ፣ እኔን ተው። ጨዋታ ከሌለው ደግሞ ጨርሶ አትንካው።

አሁን ግራሶ። የጥያቄህ እምብርት ይህ ነው። ኩሽኔታ ግራሶ ይጠግባል፤ ሀብ ግን አይጠግብም። ብዙ ጋራዥ ክዳኑን ሞልተው እንደ ቂጣ ቅቤ ለቅልቀው ይዘጋሉ፤ ለመኪናው ያዘኑ ይመስላቸዋል። ሀቡ ውስጥ ማዞሪያውን ስትጠመዝዝ የሚንሸራተት ባለ ጥርስ ቀለበት አለ። የሚገፋው ትንሽ ስፕሪንግ ነው። ቦታውን ግራሶ ከሞላው ቀለበቱ የሚሄድበት ያጣል። ማዞሪያው ሎክ ያሳያል፣ ጥርሱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። ጉልበት ሲመጣበት «ጠቅ ጠቅ» እያለ ይዘላል፣ ጥርሱም ይበላል። መንዝ ላይ ደግሞ የጠዋቱን ብርድ ታውቀዋለህ። ግራሶ እንደ ሻማ ይጠጥራል። የግራ ሀብህ የሞተው በዚህ ቢሆን አይገርመኝም። ጥርሱን፣ ስፕሪንጉንና የሚንሸራተተውን ቀለበት በጣትህ ስስ አድርገህ ቀባ። ብረቱ በግራሶው ሥር ይታይህ። በቃ።

ገጠማው የአፈታቱ ግልባጭ ነው፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ቆም በል። አንደኛው ዳዶዎቹ ናቸው። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ላይ የተተከሉት ቡሎኖች ራሳቸው ጠብቀው መቀመጣቸውን እይ፤ የላላ ካለ አሁን አጥብቀው። የሞዞውንና የሀቡን አካል ፊት በነጭ ጋዝ አጽዳ፣ አዲሱን ጓርኒሲዮን ደረቁን አስቀምጥ። ሲሊኮን ብትጨምርበት ተርፎ ወደ ውስጥ ይገባና ጥርሱን ይይዛል። አካሉን አስገባ፣ ኮኖቹን በየቦታቸው፣ ከዚያ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ እያፈራረቅህ አጥብቅ። በቁጥር 12 ቁልፍ የሚፈቱትን ወደ 30 ኒውተን ሜትር። የመኪናው ጉልበት ከሴሚያስ ወደ ጎማ የሚያልፈው በነዚህ ስድስት ኮኖችና በሁለቱ ፊቶች ጥብቀት ነው። ዳዶ ከላላ አካሉ ትንሽ በትንሽ መነቃነቅ ይጀምርና ቡሎኖቹን እንደ ሸንኮራ ይቆርጣቸዋል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ክዳኑን ሳትከፍት ዳዶዎቹን አንድ ዙር ፈትሽ።

ስናፕ ሪንጉን ስትመልስ እንደገና ሴሚያሱን በዚያች ቡሎን ሳበው። ቀለበቱ ጎድጓዳው ውስጥ ዙሪያውን መቀመጡን በጣትህ አረጋግጥ።

ሁለተኛው ቦታ ክዳኑ ነው። ማዞሪያውን ፍሪ ላይ አድርግ። ክዳኑ ላይ የወጡት ምላሶች በአካሉ ውስጥ ጥርስ በሌለው ክፍት ቦታ መግባት አለባቸው። ከገቡ ክዳኑ ያለ ግፊት ይቀመጣል። ካልገቡ ክፍተት ይቀራል፤ ያን ክፍተት በቡሎን ጎትቶ ለመዝጋት የሚሞክር ሰው ምላሱን ይሰብራል። የክዳን ቡሎኖች 10 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። በመዳፍህ ቁልፉን አጠር አድርገህ ይዘህ ማለት ነው።

ሁለቱንም ወገን ስትጨርስ ያቺን የመጀመሪያ ፈተና ድገማት። ሎክ ላይ አንዱ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ። ፍሪ ላይ እያንዳንዱ ለብቻው።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ብቻ። ሀብ የምታዞረው መኪናው ቆሞ፣ ትራንስፈሩ 2ኤች ላይ ሆኖ፣ በእጅህ ነው። እምቢ ካለ መኪናውን አንድ ክንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ አንቀሳቅሰህ ሞክር። ፒንሳ የነካው ማዞሪያ ዕድሜ የለውም። ክረምት ሲገባ ሁለቱንም ሎክ አድርገህ ብትከርም ችግር የለውም። 2ኤች ላይ እስካለህ አስፋልት ላይ የሚሰበር ነገር የለም። መረሬ አፈር ውስጥ እስከ ጉልበትህ ሰጥመህ ሀብ ከምታዞር አስቀድመህ ማድረግ ይሻልሃል። ደረቅ አስፋልት ላይ 4ኤች ማስገባት ግን ክልክል ነው፤ የፊትና የኋላው እየተጠማዘዘ ይተናነቃል። ሀቦቹን ፍሪ ትተህ 4ኤል (ቀርፋፋውንና ባለ ጉልበቱን ማርሽ) አስገብተህ ጭነት ለማውጣት እንዳትሞክር። ያ ሁሉ ጉልበት በኋላ ሴሚያሶች ላይ ብቻ ይወድቃል። በጋውን ሙሉ ፍሪ ላይ ከነዳህ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ላይ አይረጭም። የቶዮታ መመሪያ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ባይ ፎር ንዳ ይላል። ጥርጊያ ወይም ጠጠር መንገድ ፈልገህ አድርገው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች መኪናቸው ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ላይሆን ይችላል። አውቶማቲክ ሀብ ያለው አሮጌ ቪታራ ላላችሁ፣ ወደ ማንዋል መቀየሩ የሚመከር ነው። 2ኤች መልሶ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ካልሄዱ የማይለቀውን ነገር ትገላገላላችሁ። ግን አውቶማቲኩን የሚያስቆሙት ክፍሎች ከኩሽኔታው ዳዶ ጋር የተያያዙበት መኪና አለ፤ ለማንዋሉ የሚሆነው ዳዶና ሮንዴላ አብሮ መምጣቱን ሳታረጋግጡ አትፍቱ። ዲፌንደር ወይም ዘወትር በአራቱም የሚነዳ ላንድ ክሩዘር ያላችሁ ደግሞ ቀስ በሉ። መሀል ላይ ዲፈረንሻል አለው። ሀብ ገጥማችሁ ፍሪ ብታደርጉት ጉልበቱ ሁሉ ወደ ባዶው የፊት ትራስሚሲዮን ይሄድና፣ የመሀሉን ካልቆለፋችሁ መኪናው ከቦታው አይነሳም። እዚያ ላይ ሀብ ብቻውን ሥራ አይደለም።

ለአንተ የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አሮጌዎቹን ሀቦች አትጣል። የቀኙ ደህና ነበር አይደል? አጥበህ፣ ስስ ግራሶ ቀብተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ከወንበር ጀርባ አስቀምጠው። አጠገቡ ሁለት ኮን፣ ሁለት ዳዶ፣ አንድ ስናፕ ሪንግና ያቺን ቁጥር 8 ቡሎን በትንሽ ቆርቆሮ ጨምር። ቆርቆሮው ላይ ምን እንደሆነ ጻፍበት፤ አለበለዚያ ረዳትህ ሚስማር መስሎት ይወስደዋል።